ደሴ ላይ ያሰራሁት የጓዳ መደርደሪያ፣ ክረምቱን አሳልፌ የምጽፈው

ሰላም ወገኖች። ይሄን ሚያዝያ ላይ ልጽፈው ነበር፣ የቫርኒሹ ሽታ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ግን የደሴን ክረምት ሳያይ ስለ እንጨት እቃ ምስጋና መጻፍ ሰው ማሳሳት ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ሐምሌም ነሐሴም አልፎበታል፣ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድና ጓዳ ውስጥ ያለ ጨው ሳይቀር ውሃ ሲቋጥር አብሮን ከርሟል፣ ስለዚ አሁን ልናገር እችላለሁ።

ያሰራሁት የጓዳ መደርደሪያ ነው። ወርዱ 1.80 ቁመቱ 2.10 ሜትር፣ አምስት ተራ፣ ከታች ሁለት መሳቢያ፣ ጎኑ ላይ ቁልፍ መስቀያ አለው። የሰራልኝ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአንድ ልጅ ጋር ሆኖ የሚሰራ በእድሜ ገፋ ያለ አናጺ ነው፣ በ21,500 ብር ተስማምተን ግማሹን ቀብድ ሰጠሁት። ወድጄዋለሁ፣ ጉድለቱንም ከታች እነግራችኋለሁ። ይሄን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ግን ሰውየው መጀመሪያ የመጣ ቀን ያለኝ ነገር ነው።

ቤታችን ሆጤ በኩል ነው፣ የድሮ ጭቃ ቤት፣ የእናቴ። ጓዳዋ ብዙ ብትባል ሁለት በሦስት ሜትር ትሆናለች። እዛ ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም በሉት፣ ባዶ ሃይላንድ በኩርቱ ፌስታል፣ የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን (ቆጥሬዋለሁ፣ 34)፣ የተሰበረ ምድጃ፣ ክዳን የሌላቸው ድስቶች፣ ድስት የሌላቸው ክዳኖች፣ ማዳበሪያ ውስጥ የታጨቀ የልጆች ልብስ፣ የማይሰራ ሬዲዮ፣ የማንኛው ስልክ እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር፣ ከነዚህ ስር ደሞ ጤፉና በርበሬው። ሽሮ ለማውጣት ሦስት ነገር ማንሳት ነበረብኝ፣ ሦስቱን ደሞ መልሼ የማስቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ሳሎን ይገቡና እዛው ይቀራሉ፣ እንደዛ እንደዛ እያለ ጓዳው ወደ ሳሎን ወጣ።

ያ ነገር ጤናዬን ነው የነካው። አስተማሪ ነኝ፣ ጠዋት 1፡30 ከቤት መውጣት አለብኝ፣ ትልቁ ልጄም እንደዛው። ቁልፍ የለም፣ ደብተር የለም፣ የአንድ እግር ካልሲ የለም። አንድ ጠዋት ቁልፉን ስፈልግ የበርበሬው እቃ ከላይ ወረደብኝና ተደፋ፣ ልጄ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔ ደሞ እሱ ላይ ጮህኩበት። ምንም ያጠፋው ነገር የለም እኮ። ቁልፉ የተገኘው ማታ ነው፣ በሩ ስር ባለው የድንች ዘንቢል ውስጥ። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ልጆቹን እንዲያነቡ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው ይሄ ነገር በቃ ማለት አለበት ያልኩት።

ለምን ይሄን ያህል እቃ አከማቻችሁ ለሚለኝ ሰው መልሱ ያው እኛ አካባቢ ላለ ሰው ግልጽ ነው። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የለበስነውን ለብሰን ነው የወጣነው፣ ታህሳስ ላይ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ማንኪያ እንኳን አልቀረም። እናቴ ጓዳው መሀል ቆማ ያገኘችው አንድ ጎኑ የተጨፈለቀ ብረት ድስት ብቻ ነበር። ከዛ ወዲህ እናቴ ምንም ነገር አትጥልም። ፌስታል አጥባ ታሰጣለች። እኔም ብሆን እውነቱን ለመናገር ከሷ የተሻልኩ አልነበርኩም፣ ነገ ይጠፋ ይሆናል የሚል ነገር ውስጤ ገብቶ ቀርቷል፣ የሆነ እቃ ለመጣል እጄን ስዘረጋ ሆዴ ይረበሻል። ስለዚ የሰው ቤት አይታችሁ ዝርክርክ ናቸው ለማለት አትቸኩሉ፣ እቃው የተከመረበት ምክንያት አለው።

መጀመሪያ መፍትሄ የመሰለኝ እቃ መግዛት ነበር። ከአንድ ቤት እቃ መሸጫ (ስሙን አልጽፍም) የኤምዲኤፍ ቁምሳጥን ገዛሁ፣ ነጭ፣ የሚያምር፣ ሻጩ ውሃ አይነካውም ብሎኝ። አንድ ክረምት አልቻለም። እግሩ አካባቢ ጠጥቶ እንደ ዳቦ አበጠ፣ በሩ መዝጋት አቃተው፣ ጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ ስለነበር ሻጋታው አረንጓዴ ሆኖ ወጣበት፣ ውስጡ ያስቀመጥኩት የሰርግ ነጠላዬም አብሮ ተበላሸ። ተመልሼ ስሄድ አያያዝሽ ነው አሉኝ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ተመሳሳዩን ይዛ ምንም አልሆነባትም፣ ግን ኮምቦልቻ ሌላ አገር ነው እኮ፣ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ አየሩ ራሱ ይለወጣል፣ እነሱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው እኛ 2,500 ገደማ። ኤምዲኤፍ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጠፍጥፎ ነው የሚሰራው፣ የተቆረጠው ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ እርጥበት ይስባል፣ አንዴ ካበጠ ደሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ደሴ ላይ፣ ያውም ጭቃ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የምትገዙ ካላችሁ ጠርዙን ዞራችሁ እዩ፣ በተለይ መሬት የሚነካውን፣ ሻጩ የሚላችሁን ተዉት።

እሺ ወደ አናጺው። ህዳር 2017 ላይ ጎረቤቴ እትዬ ናት ይዛልኝ የመጣችው። እኔ በልቤ ግድግዳውን ሙሉ ሦስት ሜትር እስከ ኮርኒሱ ድረስ የሚሞላ ነው ያሰብኩት፣ ሁሉም እቃ እንዲገባ። ሰውየው ገባ፣ ጓዳውን አየ፣ ሜትሮውን ከኪሱ አላወጣም። ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረገ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ፣ ወጋግራው (ጭቃው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት) የቱጋ እንዳለ እየፈለገ ነው ለካ፣ ባገኘበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ድሪልና ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይዞ መጥቶ ምርጉን በስቶ የሚሄድ አናጺ አይቻለሁ፣ ጭቃ ፊሸር አይዝም፣ ክብደት ሲያርፍበት ከነምርጉ ነው ይዞት የሚወርደው።

ሲጨርስ ዞር ብሎ እናቴን ሰላም አላት፣ ከዛ እኔን፣

«የኔ ልጅ፣ አሁን አልለካልሽም።»

«ምነው ጋሼ?»

«ይሄ ሁሉ የምትጠቀሙበት ነው?»

ዝም አልኩ።

«እንዳለ ብለካልሽ የሦስት ሜትር ዋጋ 38 ሺህ ታወጫለሽ፣ እኔ አገኛለሁ፣ አንቺ ግን ለማትፈልጊው እቃ ቤት ሰራሽለት ማለት ነው። መጀመሪያ አራግፉ። የቀረውን መሬት ላይ ደርድሩና ጥሩኝ፣ የዛኔ እሱን እለካለሁ። አብሽሪ፣ የትም አልሄድም።»

ቡና ጠጥቶ ሄደ፣ ለመጣበት እንኳን አልተቀበለኝም። በ38 ሺህ ብር ስራ ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ነጋዴ ካያችሁ ንገሩኝ፣ እኔ አላየሁም።

ማራገፉ ሦስት ወር ፈጀ፣ ታህሳስ፣ ጥር፣ የካቲት። እዚጋ የረዳኝ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሰራው ወንድሜ ነው። እነሱ ካይዘን ተምረዋል፣ ያው ካይዘን ስራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻያ የጃፓኖች ዘዴ ነው፣ እኛ አገር ኢንስቲትዩቱ ከተቋቋመበት ከ2004 ወዲህ ብዙ ፋብሪካ ሰልጥኖበታል፣ አምስቱ ማ የሚሉት አላቸው፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወንድሜ እንዳለኝ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከሁለተኛው ሲጀምር ነው፣ ሳያጣራ ማስቀመጥ ይጀምራል፣ እኔም ቁምሳጥን ስገዛ ያደረግኩት እሱኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይፈለግ አይፈለግ ያልታወቀ እቃ ላይ ቀን የተጻፈበት ቀይ ካርድ ይለጥፋሉ፣ ቀኑ እስኪደርስ ማንም ካልፈለገው ይወጣል። እኛ ቀይ ክር አሰርን። እናቴ ከሹራብ የተረፈ ክር አመጣች፣ የምንጠራጠረውን ሁሉ እጀታው ላይ አሰርንበት፣ እቃውን ስንጠቀምበት ክሩን እንፈታለን፣ የካቲት ሲያልቅ ክሩ ያልተፈታ ይሄዳል ተባባልን።

ይሄ ነገር ለምን እንደሰራ ልንገራችሁ፣ ለእናቴ ጣይው ማለት አይቻልም፣ ደረቷን ነው የምትይዘው፣ ክር እሰሪበት ሲባል ግን ማንም ምንም አልወሰደባትም። እቃው እዛው ነው ያለው፣ ክር ብቻ ነው ያለበት። ራሷ እያየችው ትሄዳለች፣ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ አንድ ቀን ቡና አፍልታ ሁለተኛውን እየቀዳች «ለካ ይሄንን ሁሉ አልነካነውም» አለች። እኔ ምንም አልመለስኩላትም። ያ ንግግር ከሷ መውጣት ነበረበት።

አወጣጡን በተመለከተ ቆራሌው ነው ትልቁን ስራ የሰራልን። በራችን ላይ «ቆራሌው» እያለ ሲያልፍ ስንት አመት ሰምቼዋለሁ፣ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ብረቱን በኪሎ ወሰደ፣ ሃይላንዱንና የዘይት ጀሪካኑን በቁጥር፣ ሬዲዮውንም ጨመርንለት። ብሩ ብዙ አይደለም ግን ሁለት ዙር ተመላልሶ ተሸክሞ ነው ያወጣልን፣ ያ ጉልበት ለብቻው ዋጋ አለው። ሚዛኑን ቆማችሁ ተመልከቱ፣ መሬት ሳይነካ ይንጠልጠል።

ልዋጭን ግን ለዚህ ስራ አልመክርም። ጥፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ አሮጌ ልብስ ሰጥታችሁ የምትቀበሉት ሌላ እቃ ስለሆነ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማዳበሪያ ልብስ ሰጥታ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋና ስድስት ብርጭቆ ይዛ ገባች፣ ደስ ብሏት፣ ጓዳው ግን እንደነበረ ነው። የቀረውን ልብስ አጠብነው፣ ተኮስነው፣ ረመዳን ሲገባ ለሰደቃ ሰጠነው፣ ግማሹን እትዬ ለቤተክርስቲያናቸው ወሰደች። ሰው የሚለብሰውን ነገር ቆሻሻ አድርጎ መስጠት ነውር ነው፣ ቁልፍ የጎደለውን ቁልፍ ተክለንበታል። እናቴ ከሁሉም በላይ የቀለላት ይሄኛው ይመስለኛል፣ አልጠፋም ሰው ጋ ሄደ ነው ያለችው።

ከዛ ጠራሁት። መሬት ላይ ደርድረን ጠበቅነው፣ ጀበናና ረከቦት በአንድ በኩል፣ ድስትና ምጣድ፣ እህል፣ ወረቀት፣ የልጆች። ሦስት ሜትር ያልኩት ግድግዳ 1.80 በቃው። አሁን ነው ሜትሮው የወጣው። እያንዳንዱን ነገር ለካ፣ የበርበሬውን እቃ ቁመት፣ የሰፌዱን ወርድ፣ ትልቁን ድስት ከነክዳኑ። የእናቴን ትከሻ ሳይቀር ለካ፣ «የዘወትሩ ከትከሻዋ በላይ አይሁን» ብሎ። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካኖቹን መደርደሪያ ላይ አልፈቀደም፣ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ናቸው፣ ከስር መሬት ላይ ነው ቦታቸው ብሎ የታችኛውን ተራ ከፍ አድርጎ ክፍት ተወው።

እንጨቱ ዋንዛ ነው ቋሚው፣ ተራዎቹ ደሞ ጽድ። ባህር ዛፍ በርካሽ ይሰራል ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል ይሰነጠቃል አለኝ፣ ጽዱን ያስመረጠኝ ደሞ ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው የቆመው፣ ወጋግራው ላይ በሁለት ቦታ ብቻ ታስሮ፣ አየር በጀርባው እንዲያልፍ። በዚህ ክረምት ከጀርባው ባትሪ አብርቼ አይቻለሁ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ሻጋታ አለ፣ እንጨቱ ላይ የለም። ተራዎቹ አልጎበጡም። ነቀዝ ጤፉ ውስጥ አልገባም፣ እሱ ግን ከመደርደሪያው ሳይሆን እቃው ክዳን ስላለው ነው።

አሁን ጉድለቱ። ለኢድ አደርስልሻለሁ ብሎ ከኢድ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው ያመጣው። እንግዳ በመጣበት ኢድ እቃችን ሁሉ ሳሎን ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የዋለው፣ እናቴ አፍራ ነበር፣ እኔም ተናድጄ ነበር። መብራት ጠፋብኝ አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ ቢደውልልኝ ግን ምን ነበረበት፣ ሦስቴ እኔ ነኝ የደወልኩት። ስለዚ ከበዓል በፊት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወር ቀድማችሁ እዘዙ። ቫርኒሹንም ቤት ውስጥ ነው የደገመው፣ ሽታው ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ትንሿ ልጄ አስም ስላላት እትዬ ቤት አሳደርኳት፣ ውጪ ጨርሶ እንዲያመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። ሌላው መሳቢያው ነው፣ ሬል የለውም፣ እንጨት በእንጨት ነው የሚሄደው፣ ነሐሴ ላይ ጠበቀና አልወጣም አለ። ደወልኩ፣ በማግስቱ መጣ፣ በዚህ ጊዜ አልዘገየም፣ ትንሽ ላገው፣ ከዛ ከኪሱ ሻማ አውጥቶ ጠርዙን ሙልጭ አድርጎ አሸበት፣ አሁን በአንድ ጣት ይወጣል። አላስከፈለኝም። ብረት ሬል የሚፈልግ ሰው ገዝቶ ቢያመጣለት ይገጥምለታል።

ስለ ጭንቀቱ ነገር ልጨምር። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ እንደነገረችኝ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት አለ፣ 30 ጥንዶችን ቤታቸውን እያስጎበኙ እንዲያወሩ አድርገው፣ ቤቴ ዝርክርክ ነው ያላለቀ ስራ አለበት እያሉ ያወሩት ሴቶች ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ማታ ሲሆን መውረድ በሚገባው ልክ አልወረደላቸውም። ያንን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ፣ ስንት አመት ራሴን ሰነፍ ነሽ እያልኩ ነው የኖርኩት። የሎስ አንጀለስ ሴት ጦርነት አልደረሰባትም፣ ቤቷ አልተዘረፈም፣ እንደዛም ሆኖ እቃ ብቻውን ሰው ሊያደክም ይችላል ማለት ነው።

እኔ ላይ ያየሁት ለውጥ ይሄ ነው። ቁልፉ ጎኑ ላይ ካለው መስቀያ አይወርድም፣ ስገባ እሰቅላለሁ ስወጣ አነሳለሁ። የላይኛው መሳቢያ ለወረቀት ብቻ ነው፣ የቤቱ ካርታ፣ ፋይዳ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የኔ ዲግሪ፣ ሁሉም በአንድ ክላሰር። ይሄን ያደረግኩት ደሞ ለጸጥታዬ ነው፣ የሆነ ነገር ቢመጣ አንድ ክላሰር ይዤ መውጣት እንደምችል ማወቄ እንቅልፍ ሰጥቶኛል። ልጄ ላይ ጠዋት ከጮህኩ ቆየሁ። እናቴ ቡና ስታፈላ ስኒ ፍለጋ አትነሳም፣ ረከቦቱ ጎን ተቀምጣ ሁሉንም በእጇ ታገኘዋለች።

የሚያስቸግረው አምስተኛው ማ ነው፣ ማዝለቁ። ፌስታል አሁንም ይጠራቀማል፣ አንድ ተራ ደሞ ባዶ ሆኖ እንዲቀር አናጺው አደራ ብሎኝ ነበር፣ መስከረም ላይ ስመለከት ሞልቷል። አርብ አርብ ከጁማ በኋላ አስር ደቂቃ አብረን እናየዋለን፣ ልጆቹም ይገባሉ፣ እነሱ ክር ማሰር ይወዳሉ።

ክሩ ያልተፈታበት አንድ እቃ ግን አልወጣም፣ ያ ጎኑ የተጨፈለቀው ድስት። የካቲት አልቆ ሌሎቹ ሲሄዱ እናቴ አየችው፣ እኔም አየሁት፣ ማናችንም አላነሳነውም። አናጺው መደርደሪያውን ሲተክል ከእነ ቀይ ክሩ አንስቶ «ይሄስ የት ይግባ?» ሲል እናቴ ወደ ላይኛው ተራ ጠቆመች። እሱም ቦታውን በእጁ አቧራውን ጠርጎ አስቀመጠው።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ሳይፈቅድ የሰው ስልክ ማውጣት አልወድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እሰጣችኋለሁ። ስትጠሩት ግን አራግፋችሁ ጥሩት፣ አለዚያ ቡናችሁን ጠጥቶ ነው የሚሄደው።